የልብስ አጣቢዋ ልጅና ጥቁሩ አውሮፕላን

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ወንድ ነው፤ ያውም የጦር አውሮፕላን መሐንዲስ። ለሴቶች መረዳጃ ማኅበር መጽሔት ምን ያደርጋል የምትሉ አትጠፉም። እኛም ታሪኩን ማንበብ የጀመርነው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ስለ ወጪ ቁጥጥር ጽሑፍ ስንፈልግ ስሙ ደጋግሞ መጣብን። ኋላ ግን እናቱ የሰው ልብስ እያጠቡ እንዳሳደጉት፣ የመጀመሪያ ሚስቱም የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ እንደነበረች ስናይ ለእናንተ ሳንነግር ማለፍ ከበደን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላረንስ ጆንሰን በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1910 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢሽፐሚንግ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከስዊድን፣ ከማልሞ ከተማ የተሰደዱ ድሆች ነበሩ። እሱ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ፤ በዚያ አገር በረዶው ብዙ ወራት ስለሚቆይ ግንበኛ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያገኝም። እናቱ የሰው ልብስ ተቀብለው ያጥቡ ነበር። የታጠበውን ልብስ ለባለቤቶቹ የሚያደርሰው ትንሹ ክላረንስ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ እጅግ ያፍር እንደነበር ኋላ ራሱ ተርኳል። አንድ ቀን የተከበረ ሰው ሆኖ ወደዚያች ከተማ እንደሚመለስም ለራሱ ቃል ገባ። ከአባሎቻችን መካከል በዚሁ ሥራ ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች አሉ። ልጅ በእናቱ ሥራ ሲያፍር እናት ምን እንደሚሰማት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ክላረንስ የሚለው ስም ለትምህርት ቤት ልጆች መቀለጃ ሆነ። ክላራ እያሉ በሴት ስም ይጠሩት ነበር። አንድ ቀን ንዴቱ ገንፍሎ አንዱን ልጅ ጠልፎ ጣለው፤ የልጁ እግር ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እንዲህ ያለ ተደባዳቢ ክላራ ሊባል አይገባውም ብለው፣ በዘመኑ ከሚዘፈን አንድ የአየርላንዶች ዘፈን ስም ወስደው ኬሊ አሉት። እስኪሞት ድረስ የተጠራው በዚሁ ስም ነው፤ እኛም ከዚህ በኋላ ኬሊ እንለዋለን። ቁጣው ግን አብሮት አደገ፤ አብረውት የሠሩ ሰዎች ከችሎታው እኩል የሚያነሱት ቁጣውን ነው።

በከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ገንዘብ የሌለው ልጅ መጽሐፍ የሚያገኘው እዚያ ነውና ኬሊ ስለ ፈጠራና ስለ በረራ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትን አንድ በአንድ ጨረሳቸው። በ12 ዓመቱ አውሮፕላን ሠሪ እንደሚሆን ወሰነ፤ በ13 ዓመቱ በአውሮፕላን ንድፍ ውድድር ሽልማት አገኘ። ቤተሰቡ ኋላ ወደ ፍሊንት ከተማ ተዛወረ፤ እዚያ በግንባታ ሥራ እየተቀጠረ ተማረና ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ዩኒቨርሲቲው የነፋስ መፈተሻ ዋሻ ነበረው። ይህ ማለት ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል መካከል ላይ ተሰቅሎ በትልቅ ማራገቢያ ነፋስ እየተነዳበት ምን እንደሚሆን የሚለካበት ቤት ነው። ዋሻው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ኬሊና አንድ ጓደኛው ዋሻውን ከዩኒቨርሲቲው በሰዓት እየተከራዩ ለስቱድቤከር የመኪና ፋብሪካ የመኪና ቅርጾችን መፈተሽ ጀመሩ። ያ ጊዜ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት፣ ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ የሚለምንበት ወቅት ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ግን ሥራ ፈት ከሆነ ዕቃ ገቢ አወጡ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ የዚህ ሰው ሥራ መጨረሻም ሌሎች ሥራ ያስፈቱትን ንብረት መልሶ ሥራ ማስያዝ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ያን ያደረጉት ግን ሌሎች ናቸው።

በ1933 የማስተርስ ዲግሪውን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ወደሚገኘው የሎክሂድ ኩባንያ ሄደ። ሎክሂድ ከዓመት በፊት ከስሮ በ40 ሺህ ዶላር የተሸጠ ድርጅት ነበር። ዕዳ እንዳይመለስበት የሚጸልይበት አዲስ አውሮፕላን አንድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትራ ይባላል። የኤሌክትራ ሞዴል የተፈተሸው ደግሞ በዚያው በሚሺጋን ዋሻ ሲሆን፣ ከፈታሾቹ አንዱ ኬሊ ነበር። ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ተቀብለውታል፤ ኬሊ አልተቀበለውም። በወር 83 ዶላር ሊከፈለው ተቀጥሮ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ አዲሱ አውሮፕላናችሁ ጉድለት አለበት፣ አቅጣጫውን ጠብቆ መብረር አይችልም ብሎ ለአለቆቹ ነገራቸው።

እስቲ አስቡት። የ23 ዓመት ልጅ ነው፤ ድርጅቱ ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ዕቃ ነው ጉድለት አለበት ያለው፤ ያውም የመምህሩን ፊርማ እየተቃወመ። ዋና መሐንዲሱ ሆል ሂባርድ ሊያባርሩት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሞዴሉን በመኪናው ጭነው እንግዲያውስ ሄደህ መፍትሔውን አምጣ ብለው ወደ ሚሺጋን መልሰው ላኩት። ከ70 ጊዜ በላይ ፈተሸው። መጨረሻ ላይ በጅራቱ ጫፍና ጫፍ ሁለት ቋሚ ክንፎች ሲተከሉበት አውሮፕላኑ ተስተካከለ። ኤሌክትራ ተሸጠ፤ ድርጅቱም ዳነ። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኬሊ ይልቅ የሚያስደንቁን ሂባርድ ናቸው። ጉድለትን የሚናገር ሠራተኛ ከየትም ይገኛል፤ ሰምቶ የመንገድ ወጪውን የሚፈርምለት አለቃ ነው የሚጠፋው።

ታዋቂዋ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት ዓለምን ለመዞር የመረጠችው ይህንኑ ኤሌክትራ ነው። ኬሊ ከእሷ ጋር እየበረረ፣ በየከፍታው ሞተሩ ምን ያህል ነዳጅ ቢሰጠው ረጅሙን መንገድ እንደሚሄድ አስልቶ ሰጣት። በጁላይ 1937 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ጠፍታ ቀረች። ስለ መጥፋቷ ብዙ ወሬ ተወርቷል፤ እሱ ግን ነዳጅ አልቆባት ባሕር ላይ ወደቀች ከሚለው አስተሳሰብ ፈቀቅ አላለም።

በዚያው ዓመት አልቲያ ያንግን አገባ። የሎክሂድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ነበረች። ስለ እሷ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ 32 ዓመት አብራው የኖረች ሴት በአብዛኞቹ ጽሑፎች ውስጥ የምታገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጅ አልወለዱም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን አውሮፕላኖች ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነው ባለ ሁለት ገላው ፒ-38 አለ። ረዣዥም ባሕሮችን የሚያቋርጠው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንስቴሌሽንም አለ፤ ይኼንን የአገራችን አየር መንገድም በ1950ዎቹ ለአጭር ጊዜ አብርሮታል። በ1943 ጦር ኃይሉ የጄት አውሮፕላን በ180 ቀን አምጣ ሲለው፣ ኬሊ ጥቂት ሰዎችን ለይቶ በሰርከስ ድንኳን ጨርቅ የተሸፈነ ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ከትቶ በ143 ቀን አስረከበ። ጎረቤት የነበረው የፕላስቲክ ፋብሪካ ሽታ ስላስቸገራቸው ሠራተኞቹ ሥፍራውን መጥፎ ሽታ በሚረጨው ስከንክ በሚባል እንስሳ ስም ጠሩት። ስከንክ ወርክስ የሚለው ስም እንደዚህ የወጣ ቀልድ ነው፤ ዛሬ ግን በንግድ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል።

የሚማሩበትም ያለ ምክንያት አይደለም። ኬሊ የሥራ ደንቦቹን በ14 ነጥብ ጽፎ አስቀምጧል። የሠራተኛ ቁጥር በጭካኔ ይቀነስ፤ ሪፖርት ይነስ፣ ዋና ዋናው ሥራ ግን በሚገባ ይመዝገብ ይላል። በየወሩ የወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሥራው እስኪያልቅ የሚወጣውም ጭምር ይገመገም፤ ደንበኛን ዘግይቶ በወጪ ጭማሪ ማስደንገጥ አይገባም ይላል። ለገንዘብ ሰጪውም የተጻፈ አለበት፦ ገንዘቡ በሰዓቱ ይለቀቅ፣ ሠሪው ብድር ፍለጋ ባንክ ለባንክ አይንከራተት። ይህችን የመጨረሻዋን ደጋፊዎቻችን ልብ ብለው ቢያነቧት ደስ ይለናል፤ በሦስተኛው ሩብ ዓመት የሚለቀቀውን በአራተኛው የምንጠብቅ ሰዎች ነንና።

ስህተቶቹም ትልልቅ ነበሩ። ኤፍ-104 የተባለው ቀጭን ተዋጊ አውሮፕላን በ1958 በአሜሪካ አቪዬሽን ትልቁን ሽልማት ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ለከፍታና ለፍጥነት ተሠርቶ ሳለ ምዕራብ ጀርመን በብዛት ገዝታ፣ ከባድ ዕቃ አሸክማ፣ በደመናና በዝናብ ዝቅ ብሎ እንዲበር አደረገችው። 116 አብራሪዎች ሞቱበት። ጀርመኖች መበለት አድራጊ ብለው ሰየሙት። ጥፋቱ የሠሪው ነው ወይስ የገዢው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ የ116 ቤቶችን ሐዘን ግን ክርክሩ አይቀንሰውም።

በ1951 ደግሞ ሎክሂድ ለጦር ኃይሉ የጭነት አውሮፕላን ንድፍ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ ኬሊ ንድፉን አይቶ ተቃወመ፤ ይህ ቢላክ ድርጅቱን ያፈርሳል ብሎ ተከራከረ። ሂባርድ አሁንም በራሳቸው መንገድ ሄዱ፤ ፈረሙና ላኩት። ያ አውሮፕላን ሲ-130 ሄርኩለስ ነው። በ1977 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ የእህል ጆንያ ሲጥል የነበረውን የእንግሊዞቹን አውሮፕላን የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አናውቅም። ኬሊ አይሆንም ያለው እሱን ነበር።

ወደ ስለላው እንምጣ። በ1950ዎቹ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ውስጥ ሲገቡ፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከማንም ተዋጊ በላይ ከፍ ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አውሮፕላን ፈለገ። ሥራው ለኬሊ ተሰጠ። ምስጢር ስለነበር ገንዘቡ በወጉ ሊከፈል አልቻለም። በፌብሩዋሪ 1955 የ1.25 ሚሊዮን ዶላር ቼክ በፖስታ ተልኮ ኬሊ መኖሪያ ቤት ገባ። ቫውቸር የለ፣ የግዥ ኮሚቴ የለ! እኛ ይህን ስናነብ እጃችን ቀይ እስክርቢቶ ፈልጓል። ሆኖም ዩ-2 የተባለው አውሮፕላን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በረረ፤ ሥራው ሲያልቅም ከተያዘለት በጀት ተርፎ ለመንግሥት ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። በቤቱ ቼክ የተቀበለ ሰው የተረፈውን ሲመልስ ማየት በሙያችን የተለመደ አይደለም። በሃይድሮጅን የሚሄድ ሌላ አውሮፕላን እንዲሠራ ሲታዘዝም፣ ካጠናው በኋላ የሚፈለገውን ርቀት እንደማይሄድ ተረዳና ራሱ ይቅር ብሎ አዘጋው።

ዩ-2 ከፍ ብሎ ቢበርም ዝግ ያለ ነበር፤ በሜይ 1960 አንዱ በሶቪየት ሚሳይል ተመታ። ኬሊ ከዚያ ቀደም ብሎ የሚተካውን ጀምሮ ነበር፤ ከድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ በላይ የሚሄድ። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመድረስ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ችግሩ ሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱም ነው። አየር ሲታሸት የአውሮፕላኑ ቆዳ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ በላይ ማለት ነው። ተራ የአውሮፕላን አሉሚኒየም እዚያ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ አብዛኛው ገላ ከቲታኒየም ተሠራ። ቲታኒየም ደግሞ በአሜሪካ በበቂ አይገኝም፤ ዋናዋ ባለቤት ያችው የምትሰለለዋ አገር ሶቪየት ነበረች። በሦስተኛ ወገን፣ በስውር ድርጅቶች በኩል ከእሷው ተገዛ።

ቲታኒየም አስቸጋሪ ብረት ነው። ሠራተኞቹ ያጠበቋቸው ብሎኖች ሲሞቁ ጭንቅላታቸው ይወልቅ ጀመር። ምክንያቱ ሲፈለግ የመፍቻዎቹ ሽፋን ካድሚየም ሆኖ ተገኘ፤ ካድሚየም የነካው ቲታኒየም ይመረዛል። መሣሪያው ሁሉ ከየሣጥኑ ተለቅሞ ወጣ። ሌላው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በበጋ የተበየዱ የክንፍ ክፍሎች ቶሎ ይሰነጠቃሉ፤ በክረምት የተበየዱት ይቆያሉ። የበርባንክ ከተማ ውኃ አገልግሎት በበጋ አልጌ እንዳይበቅል ውኃው ውስጥ ክሎሪን ይጨምር ነበር፤ ክፍሎቹም የሚታጠቡት በዚያ ውኃ ነው። በተጣራ ውኃ መታጠብ ሲጀምሩ ችግሩ ቆመ። ይህ ሊታወቅ የቻለው እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ፋብሪካ፣ ከየትኛው ቅልጥ እንደመጣና መቼ እንደተሠራ ስለተመዘገበ ነው። ሚሊዮኖች ቁራጮች ናቸው፤ ሁሉም መዝገብ አላቸው። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ትልቁን አውሮፕላኑን ያዳነው በእጥበት ውኃ ነው ብንል ማጋነን ይሆንብን ይሆን?

በዚህኛው ግን በጀቱም ጊዜውም አልበቃም። በ1961 ይበራል የተባለው ኤ-12 የበረረው በኤፕሪል 1962 ነው፤ ወጪውም ከታሰበው በእጅጉ በለጠ። ከእሱ ሦስት ወንድሞች ተወለዱ ማለት ይቻላል። አንዱ ጠላት አውሮፕላን የሚያሳድደው ዋይ ኤፍ-12 ሲሆን የተሠራውም ሦስት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰው አልባ አውሮፕላን በጀርባው አዝሎ የሚለቀው ነበር፤ በ1966 ሲፈተሽ ሁለቱ ተጋጭተው ከሁለቱ በራሪዎች አንዱ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ ኬሊም በዚያ መንገድ መልቀቁን አስቆመው። ሦስተኛው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ ለአየር ኃይል የተሠራው የቅኝት አውሮፕላን ኤስ አር-71 ነው፤ የመጀመሪያ በረራው ዲሴምበር 22 ቀን 1964። በጁላይ 1976 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያስመዘገበው የፍጥነት ክብረ ወሰን እስካሁን በሌላ የጄት አውሮፕላን አልተሰበረም። ከ32ቱ 12 በአደጋ ጠፍተዋል፤ በጠላት ተመትቶ የወደቀ ግን አንድም የለም።

በፌብሩዋሪ 1968 ግን ከመከላከያ ሚኒስቴር ትእዛዝ መጣ፤ እነዚህ አውሮፕላኖች የሚሠሩባቸው ማምረቻ ቅርጾችና መሣሪያዎች ሁሉ ይውደሙ ተባለ። ቁርጥራጩ በኪሎ ተሸጠ። ኬሊ በዚህ አዝኖ እንደነበር በማስታወሻው ይታያል። ንብረት ማስወገድ የምናውቀው ሥራ ነው፤ አሮጌ የልብስ ስፌት ማሽን እንኳ ከመዝገብ ስንሰርዝ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው። እዚህ ግን የተሰረዘው ያረጀ ዕቃ ሳይሆን፣ እንደገና የመሥራት ዕድል ራሱ ነው።

ዋይ ኤፍ-12ቶቹ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈትተው ቆመው ነበር። አሳዳጅ አውሮፕላኑን በብዛት መሥራት ቀርቷል። ናሳ ደግሞ ወደፊት ከድምፅ የሚፈጥኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ለመሥራት በዚያ ፍጥነት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ አውሮፕላን ይፈልጋል፤ መግዣ ግን የለውም። ሁለት የቆዩ የምርምር ፕሮግራሞች ሲዘጉ ለእነሱ የተያዘ ገንዘብ ነበር። በጁን 1969 ከአየር ኃይል ጋር ተስማሙ፤ አየር ኃይሉ አውሮፕላኖቹን ሰጠ፣ ናሳ ከተዘጉት ፕሮግራሞች በተገኘው ገንዘብ ማንቀሳቀሻውን ሸፈነ። በዲሴምበር 1969 ከኤድዋርድስ ሰፈር የመጀመሪያው የምርምር በረራ ተደረገ። በ1971 አንዱ በእሳት አደጋ ጠፋ፤ ሁለቱ በራሪዎች በጃንጥላ ወርደው ተረፉ። አየር ኃይሉ በምትኩ አንድ ኤስ አር-71 አበደረ። ኤስ አር-71 ለምርምር መሰጠቱ እንዳይታወቅ ግን ስሙ ዋይ ኤፍ-12 ሲ ተባለ፣ ጅራቱ ላይም የሌላ አውሮፕላን ቁጥር ተጻፈበት። በእኛ ቆጠራ ላይ እንዲህ ያለ የንብረት ቁጥር ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ።

ከምርምሮቹ አንዱን ብቻ ሰፋ አድርገን እናውጋችሁ፤ የሙያችንን ነገር ስላስታወሰን ነው። አውሮፕላን ሲበር ገላው በሁለት ምክንያት ይለጠጣል፤ አየሩ ስለሚገፋውና ሙቀቱ ስለሚያሰፋው። በገላው ላይ የተለጠፈው መለኪያ ግን ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የትኛው ስንቱን አመጣ? ሁለት ወጪ በአንድ ደረሰኝ ሲመጣ እንደሚሆነው ማለት ነው። የናሳ ባለሙያዎች አውሮፕላኑን አዳራሽ ውስጥ አቁመው በብዙ የሙቀት አምፖሎች ከበቡትና በሰማይ ላይ እንደሚግለው አድርገው አጋሉት፤ ነፋስ የለም፣ ሙቀት ብቻ። በዚያ የተገኘውን ቁጥር ሰማይ ላይ ከተገኘው ሲቀንሱ የአየሩ ግፊት ብቻውን ወጣ። ለዚህ አንድ ሥራ አውሮፕላኑ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይበር ቆመ። ትዕግሥታቸው ደስ ይላል።

ሌላው የሞተሩ አየር ማስገቢያ ጉዳይ ነው። በፊቱ ያለው ሹል ሾጣጣ እንደ ፍጥነቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ካልተንቀሳቀሰ፣ በማስገቢያው ውስጥ ተይዞ የነበረው የአየር ግፊት ማዕበል ተፈንጥሮ ይወጣል፤ አንደኛው ሞተር በድንገት ጉልበት ሲያጣ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይወረወራል፣ የአብራሪውም የራስ ቁር ከመስኮቱ ጋር ይላተማል። በዋይ ኤፍ-12 ላይ ይህ ነገር በነፋስ ዋሻ ከተገመተው ጋር በሰማይ ላይ ተነጻጸረ፤ ሾጣጣውን በዲጂታል ኮምፒውተር የመምራት ዘዴም ተሞከረ። ኋላ የአየር ኃይሉ ኤስ አር-71 ተመሳሳይ ሥርዓት ተገጠመለት። አየር ኃይሉ ሥራ ፈት ብሎ ያዋሰው ዕቃ ሥራ ላይ ያለውን አሻሽሎ መለሰለት። ይህ ፕሮግራም በ1979 ተዘጋ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ 300 ያህል በረራዎች ተደርገዋል።

ኬሊ በ1975 ከሎክሂድ ጡረታ ወጣ፤ አማካሪ ሆኖ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። በ1964 ከፕሬዚዳንት ጆንሰን እጅ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ተቀብሏል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሐዘን በላይ በላዩ ነበር። አልቲያ በዲሴምበር 1969 ሞተች። በ1971 ጸሐፊው የነበረችውን ሜሪኤለንን አገባ፤ እሷም ከረጅም ሕመም በኋላ በ1980 በ46 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት የሟቿን ጓደኛ ናንሲን አገባ፤ የመጨረሻውን ሕመሙን ያስታመመችው እሷ ናት።

በ1989 መጨረሻ፣ ኤስ አር-71 ሊሰናበት ሲቃረብ፣ አንዱ አውሮፕላን በበርባንክ ፋብሪካ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ሠራተኞቹ ደጅ ወጥተው ተሰልፈዋል። ኬሊ አእምሮውም ሰውነቱም ደክሞ፣ በመኪና መጥቶ ከውስጥ ሆኖ አየው። በ1990 አየር ኃይሉ አውሮፕላኑን አሰናበተ፤ ወደ ሙዚየም ሲሄድ አንዱ ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ ደረሰ። ኬሊ ጆንሰን በዲሴምበር 21 ቀን 1990 በበርባንክ ሆስፒታል ሞተ።

ናሳ በዚህ ጊዜም ከተሰናበቱት ሦስቱን ተቀበለ። በኦክቶበር 1991 ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከበራሪዎቹ አንዷ የሆነችው መሐንዲስ ማርታ ቦን-ማየር ናት፤ በኤስ አር-71 የበረራ ቡድን ውስጥ የተመደበች የመጀመሪያዋ ሴት። ባሏም በዚያው መሥሪያ ቤት፣ በዚያው አውሮፕላን ላይ ይሠራ ነበር። ኋላ የማዕከሉ ዋና መሐንዲስ ሆነች፤ በ2005 ለውድድር በምታበርረው ትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሕይወቷ አለፈ። ስለ እሷ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ለመጻፍ አስበናል።

እነዚህ አውሮፕላኖች በ1990ዎቹ ከድምፅ ሲፈጥኑ የሚያሰሙት ፍንዳታ ምድር ላይ እንዴት እንደሚለሳለስ ተጠናባቸው፤ አልትራቫዮሌት ካሜራ በአፍንጫቸው ተገጥሞ ሰማይ ታየባቸው። በ1997ና በ1998 አዲስ ዓይነት የሮኬት ሞተር በአንዱ ጀርባ ላይ ተጭኖ በረረ፤ ፈሳሽ ኦክስጅኑ እያፈሰሰ ስላስቸገረ ግን ሰማይ ላይ ሳይለኮስ ቀረ። መለዋወጫ ከቆሙት ወንድሞቻቸውም ይወሰድ ነበር፤ ማምረቻው በ1968 እንደወደመ ነግረናችኋል።

የመጨረሻው በረራ ኦክቶበር 9 ቀን 1999 ሆነ። የበረረው በናሳ መዝገብ ቁጥር 844 የተባለው ነው። ዛሬ በኤድዋርድስ፣ በምርምር ማዕከሉ ግቢ ቆሟል። ከዋይ ኤፍ-12ቶቹ የተረፈው አንዱ ደግሞ በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ይታያል።